የማን ዘመድ ነው?

ደባርቅ ሳድግ፣ ቤታችን አዲስ ሰው ሲገባ እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስሙን አልነበረም። መደቡ ላይ አረፍ እስኪል ትጠብቅና «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። አባቱን ሲነግራት አያቱን ትጠይቃለች፤ አያቱን ሲነግራት አገሩን። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይሉና አንዳቸው ድንገት «እንግዲያማ የእትዬ እከሊት ወገን ነሃ!» ይባባላሉ። ጋብቻ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በዚያ ቆጠራ መልክ ምስክር ሆኖ አይቀርብም። መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ባዳ ሆነው ይገኛሉ፤ በመልክም በጠባይም የማይገናኙትን ደግሞ አራተኛው ቤት ላይ አንድ አያት ያገናኛቸዋል።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ አውሬ ነው።

የምኖረው ፊንላንድ ውስጥ፣ ከቱርኩ ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ነው። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው መስከረም መጨረሻ የማታ ተራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የፖም ዛፍ ሥር የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ የጠፋ ውሻ መሰለኝ። ጠጋ ስል ግን ውሻ ለመሆን እግሩ አጠረ፣ ወገቡ ወፈረ። ፀጉሩ አመድማ ነው፤ ጉንጩ ላይ ተንጨፍርሯል። ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ ኩል የፈሰሰባቸው ይመስል ጥቁር ናቸው። የወደቀ ፖም እያኘከ ቀና ብሎ አየኝ። አልጮኸም፤ አልሮጠምም። ትንሽ ቆየና ወደ ቁጥቋጦው ቀስ ብሎ ገባ። በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ደብዛዛ ቢሆንም ያው ለእናቴ ላክሁላት። በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፦ «ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ? ውሻ ነው? ድመት ነው? የማን ዘመድ ነው?»

አገር ቤት ሳለሁ ለጥቂት ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልም። ከምንከባከባቸው አዛውንቶች አንዱ በጉልምስናቸው አዳኝ ነበሩ። ፎቶውን ሳሳያቸው አንዴ አይተው «ሱፒኮይራ» አሉኝ። ኮይራ በፊንላንድኛ ውሻ ነው። ታዲያ ውሻ ነው ወይ? ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ስሙ ነው እንጂ!» አሉ።

እውነትም ስሙ ነው። በየአገሩ የተሰጠውን ስም መሰብሰብ ጀመርሁ። እንግሊዞች «ራኩን ውሻ» ይሉታል፤ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስለውን የአሜሪካውን ራኩን ስለሚመስል። ሩሲያውያንም «ራኩን መሳይ ውሻ» ነው የሚሉት። ስዊድኖችና ጀርመኖች ማርተን ከምትባለው ዛፍ ላይ ዘላይ ሥጋ በል ጋር አዛምደው «የማርተን ውሻ» ብለውታል። ፈረንሳዮች ጋ ስደርስ ቆምሁ። በእነሱ ቋንቋ ስሙ «ጥሪኝ ውሻ» ነው። ጥሪኝ! ዝባድ የምትሰጠን፣ ሽታዋ ከከፋና ከጅማ ተነሥቶ የዓለምን ሽቶ ቤቶች የዞረው የእኛዋ ጥሪኝ። ይህን ለእናቴ ብነግራት ወዲያው እንደሚገባት አውቃለሁ፤ ፊቱ ላይ ያለው ጥቁር ጭንብል በእርግጥም የጥሪኝ ነው።

አንድ ነገር ልብ አልሁ። ከጥንት ጀምሮ አብረውት የኖሩ ሕዝቦች ከማንም ጋር ሳያነጻጽሩ የራሱን ስም አውጥተውለታል፤ ጃፓኖች ታኑኪ፣ ኮሪያውያን ኖጉሪ ይሉታል። ዘግይቶ የደረሰበት ሁሉ ግን የሚጠራው በሌላ እንስሳ መልክ ነው። ሳይንሱም ከዘግይቶ ደራሾቹ ነው የተመደበው። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቻይና የመጣውን ይህን እንስሳ «ካኒስ ፕሮሲዮኖይዲስ» አለው፤ ራኩን የሚመስል ውሻ ማለት ነው። በ1838 ደግሞ በሆላንድ የላይደን ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ቴሚንክ ከውሻ ወገን አውጥቶ ለብቻው ቤት ሠራለት፤ «ኒክተሩቲስ»፣ የሌሊት ተንከራታች። ከጃፓን ለመጣው ዓይነት የሰጠው የዝርያ ስም «ቪቬሪኑስ» ነው፤ ጥሪኝ መሳይ። በአንድ እንስሳ ስም ላይ ራኩንም ጥሪኝም ውሻም ተከምረው እሱ ራሱ የለበትም።

በመልኩ የተፈረደበት ፍርድ ግን ቶሎ ነው የወደቀው። ራኩን አርባ ጥርስ አለው፤ ይህኛው እንደ ውሻና እንደ ተኩላ አርባ ሁለት። ራኩን ተረከዙን መሬት አስነክቶ በአምስት ጣት ይራመዳል፤ ይህኛው እንደ ውሻ በጣቶቹ ላይ ቆሞ ይሄዳል። የራኩን ቤትና የውሻ ቤት ከተለያዩ አርባ ሚሊዮን ዓመት አልፏል። የውሻ ቤተሰብ ውስጥ መሆኑን የተጠራጠረ ባለሙያ ብዙም አልነበረም። ጥያቄው በዚያ ቤት ውስጥ በየትኛው ጓዳ ይቀመጣል የሚለው ነበር፤ የአንድ መቶ ሰባ ዓመት ክርክር የወሰደውም እሱ ነው።

ምክንያቱ መንጋጋው ነው። የታች መንጋጋውን አጥንት አንሥታችሁ ከጎን ብታዩት ከኋላ ጥጉ ሥር ወደ ታች ያበጠ ጉብታ አለው። አፍ የሚከፍተው ጡንቻ የሚያርፈው እዚያ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት አካል አጥኚ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ በ1880 የውሻ ቤተሰብን የራስ ቅሎች ሲመረምር ይህን ጉብታ ልብ አለው፤ በሰሜን አሜሪካው ግራጫ ቀበሮና በጆሮ ሰፊው ቀበሮ ላይም አገኘው። ጆሮ ሰፊውን የደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ ሰው ያውቀዋል። ምስጥ ለቃሚ ነው፤ ከአርባ ስድስት እስከ ሃምሳ ጥርስ ይቆጠርለታል፤ በውሻ ቤተሰብ ውስጥ የዚህን ያህል የሚደርስበት የለም። ከዚያም በ1995 የወጣ ትልቅ የአጥንት ጥናት ታኑኪን ባሕር አሻግሮ ከደቡብ አሜሪካው ሸርጣን በል ቀበሮ ጋር አጣመረው። ቅላቸው፣ ጥርሳቸው፣ ያገኙትን ሁሉ የመብላት ጠባያቸው ይመሳሰላል። እኔ ያን ጊዜ ብኖርና ሁለቱን ቅሎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጡልኝ ወንድማማች ናቸው ብዬ እፈርም ነበር።

ደም ግን ሌላ ተናገረ። የውሻ ሙሉ ዲኤንኤ ተነብቦ በ2005 ሲታተም አብሮ የወጣው የዘር ሐረግ ደቡብ አሜሪካውያኑን ሁሉ ከተኩላ ወገን ጋር አስቀመጣቸው፤ ታኑኪን ደግሞ ከቀይ ፀጉሩ የአውሮፓ ቀበሮና ከጆሮ ሰፊው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አዋለው። ከሦስቱ ማን ለማን ይበልጥ እንደሚቀርብ ጥናቶች ይለያያሉ፤ ጣሪያው አንድ መሆኑ ላይ ግን ይስማማሉ። የመንጋጋው ጉብታ ዘመድ ነን የሚል ማስረጃ ሆኖ ሳይሆን አመጋገብ በተለያየ ቤት ያበቀለው ምልክት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ደባርቅ ያሉትን ሽማግሌዎች አሰብኋቸው። አጎንብሶ የሚያርስ ሁሉ ወገቡ አንድ ዓይነት ይጎብጣል፤ በወገቡ አይተው ግን ዘር አይቆጥሩለትም።

ስለዚህ ውሻ የተባለው ይህ እንስሳ ከቀበሮ ቤት ነው። ይህን ባነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም የእኛው አገር ጉዳይ ልክ ተገልብጦ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮአችን ቀበሮ አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥና ተመራማሪ ሩፕል ሰሜን ተራራ ላይ አይቶት በ1840 «ካኒስ ሲሜንሲስ» ብሎ ሰየመው፤ ከውሻና ከተኩላ ወገን መደበው ማለት ነው። በ1868 አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ ከውሻ ወገን አይደለም አለና «ሲሜኒያ» የሚል የብቻ ቤት አቆመለት። ሰውየው ያው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ነው። በ1834 የቀበሮውን ዘመድ ውሻ ብሎ ያስገባ፣ በ1868 ደግሞ የተኩላውን ወንድም ከቤቱ ያስወጣ። በእሱ መፍረድ አልፈልግም፤ በ1834 ውሻ የሚመስለው ሁሉ «ካኒስ» ይባል ነበር፤ ዲኤንኤ የሚያነብበት መንገድም አልነበረውም። ግን ሁለቱ እንስሳት፣ የእኔና የፖም ዛፉ እንግዳ፣ በአንድ ሰው እጅ እንዳለፉ ሳውቅ ደነገጥሁ።

ለረጅም ጊዜ ፈረንጆቹም «የሰሜን ቀበሮ» ነበር የሚሉት። በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ከግራጫ ተኩላና ኮዮት ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ተኩላ መሳይ ጋር ያለውን ቅርበት አሳየ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ነው። በልጅነታችን ዶሮ ይወስዳል ብለን የምንጮህበት ያ ግራጫው ቀበሮስ? እሱም ብዙ ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር ሲቆጠር ኖሮ በ2015 የተኩላ ወገን መሆኑ ታወቀ፤ በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ የደሙ ብዙ እጅ ከግራጫ ተኩላ፣ ቀሪው ከእኛው ቀይ ቀበሮ መሆኑን ገለጠ። ስለዚህ ደባርቅ ቀበሮ የምንላቸው ሁለቱም የተኩላ ልጆች ናቸው፤ ቱርኩ ውሻ የሚሉት ደግሞ የቀበሮ ልጅ ነው። ስማችንን እንለውጥ የምል አይደለሁም። ቀይ ቀበሮ ሲባል ልቤ የሚያየው እንስሳ አንድ ነው፤ ስሙ ከእናቴ አፍ ነው የመጣው።

ከሁሉ የሚደንቀኝን ገና አልተናገርሁም። ይህ እንስሳ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ነው፣ ከአገሬ ጋር ምንም አያገናኘውም ብዬ ነበር። በ2010 አንድ አዲስ የኒክተሩቲስ ዝርያ ከቅሪተ አካል ተለይቶ ተሰየመ፤ «ኒክተሩቲስ ሎክዉዲ»። የተገኘው ዲኪካ ነው። አፋር! ከአዋሽ ማዶ ሉሲ ከተገኘችበት ከሐዳር ትይዩ፣ በ2000 ሕፃኗ ሰላም የተገኘችበት ዲኪካ። ከሰየሙት አራት ተመራማሪዎች አንዱ ሰላምን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። እንስሳው የኖረው በፕሊዮሲን ዘመን፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። እንግዲህ ያቺ የሦስት ዓመት ግድም ሕፃን በኖረችበት ዓለም፣ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ የሚለቅም የታኑኪ ወገን ነበረ ማለት ነው። አንድ ሌላ ዘመዱ ታንዛኒያ ላኤቶሊ ተገኝቷል፤ በአውሮፓም አጥንታቸው ወጥቷል። በአንድ ዘመን ከአዋሽ እስከ ስፔን፣ ከዚያ እስከ ቻይና ቤታቸው ነበር። ቀስ በቀስ ከአፍሪካም ከአውሮፓም ጠፉና የቀሩት በምሥራቅ እስያ ብቻ ሆነ።

ፊንላንድ እንዴት ደረሰ ታዲያ? ሰው አመጣው። ሶቪየት ኅብረት ለፀጉሩ ስትል ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚሆኑ እንስሳትን ከአሙር ወንዝ አካባቢ እያመጣች በምዕራብ ግዛቶቿ ለቀቀች። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ነው። ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ጀርመን። የበረዶው ወራት ሲመጣ፣ በመከሩ ወራት የወደቀ ፍሬ እየበሉ ከወፈሩ በኋላ፣ ጉድጓድ ገብተው ይተኛሉ። በውሻ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የለም። ይህ ለብርዱ አገር የተሰጠው ስጦታ ይመስላል፤ ግን መሬት ላይ ለሚፈለፈሉ ወፎችና ለእንቁራሪቶች አዲስ አፍ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ጎጂ ወራሪ ዝርያ ብሎ መዝግቦታል፤ እዚህ በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ይገደላል። አዛውንቱ በ1988 የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ የነበረውን ፍርሃት ነገሩኝ። አብዛኛው በበሽታው የተያዘ አውሬ ይኸው ሱፒኮይራ ነበር። የቆመው በምግብ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ጫካ ውስጥ በመበተን ነው። ባሌ ላይም የእኛን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ የጨረሰው ይኸው በሽታ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ እነሱንም በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ያበሉአቸዋል። አዋቂዎቹ በሕይወት የቀሩት ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ይህን በጻፍሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

ስም ስህተት ከሆነ ምን ይጎዳል የሚል ካለ ሁለት ነገር ልንገረው። በጃፓን ቶቺጊ፣ በ1924 አንድ አዳኝ ሁለት እንስሳት ዋሻ ውስጥ ዘግቶ ቆይቶ ገደለ፤ ታኑኪ ማደን በተከለከለበት ወቅት ነው ተብሎ ተከሰሰ። እሱ ግን የያዝሁት ታኑኪ አይደለም፣ ሙጂና ነው አለ። በአንዳንድ የጃፓን አካባቢ ሙጂና ባጀር የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ በሌላው ግን ታኑኪ ራሱ። ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1925 በነፃ ተለቀቀ። ፍርድ ቤቱ እንስሳቱ የተያዙት ክልከላው ከመጀመሩ በፊት ዋሻውን በዘጋበት ቀን ነው፣ ደግሞም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ብሎ በቅን አምኗል አለ። ዛሬም የሕግ ተማሪዎች ይማሩታል። ዳኞቹ የሰውየውን እውነት ከመጽሐፉ እውነት ለይተው ማየታቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው አያስደስትም። አሜሪካ በ2000 የውሻና የድመት ፀጉር ወደ አገሯ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች፤ ይህ እንስሳ ግን እንደ ቤት ውሻ ስለማይቆጠር አልተካተተም። ልብሱ ላይ የሚጻፈውም «የእስያ ራኩን» ነው። ራኩን ያልሆነ እንስሳ፣ በራኩን ስም፣ ኮት አንገት ላይ። ገዢው ምን እንደለበሰ አያውቅም።

በመጋቢት 2023 ደግሞ ስሙ ዓለምን ዞረ። ዉሃን ከሚገኘው የሁዋናን ገበያ በ2020 መጀመሪያ በተሰበሰቡና የኮሮና ቫይረስ በተገኘባቸው ናሙናዎች ውስጥ የዚህ እንስሳ ዲኤንኤ መኖሩ ተገለጠ። እንስሳው ታሞ እንደነበር ያረጋገጠ አልነበረም፤ ገበያው ውስጥ መኖሩን ነው ያሳየው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ግን ደወለችልኝ፦ «ውሻ ነው አሉ በሽታውን ያመጣው፤ ቡቺን ምን ላድርገው?» ለቡቺ እንደማያሰጋው አስረዳኋት። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ ባውቅ የቡቺ የቅርብ ዘመድ እንኳ እንዳልሆነ እነግራት ነበር።

አሁን ደግሞ ታኑኪ ራሱ አንድ አይደለም እየተባለ ነው። የዋናው እስያ ምድር እንስሳት ሃምሳ አራት ክሮሞዞም፣ ማለት ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር፣ አላቸው፤ የጃፓኖቹ ሠላሳ ስምንት። በሁለቱም ላይ ጥቂት ትርፍ ክሮሞዞሞች ይጨመራሉ። ደሴቱ ላይ የቀሩት ክሮሞዞሞቻቸው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተጣብቀዋል። ብዙዎች ሁለት ዝርያ ናቸው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ያኔ «ጥሪኝ መሳይ» የሚለው ስም ለጃፓኑ ይቀራል፤ የእኔው የፖም ዛፍ እንግዳ «ራኩን መሳይ» እንደሆነ ይኖራል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልሁና ሁሉንም ነገርኋት። ውሻ ይሉታል፣ ቀበሮ ቤት ነው። የእኛው ቀይ ቀበሮ የተኩላ ወንድም ነው። የዚህኛው ጥንታዊ ወገኖች አፋር ነበሩ፣ በሰላም ዘመን። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ከሰባት ቤት በላይ መቁጠር ለእሷም አዲስ ነው።

«አፋር የት ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዲኪካ።»

«አዋሽ ዳር?»

«አዋሽ ዳር።»

ዝም አለች። ፎቶውን እንደገና እያየችው እንደነበረ ገባኝ፤ ከወንድ ወደ ሴት አዛወረቻት። «ዓይኗን እይማ» አለች፣ «እንዲህ አምራ፣ ተኩላ ነዋ የመጣችብሽ!»

ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አውሬውንም፣ ኩሉንም። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ስልኩን ሞላው። ከመስኮቴ ውጭ በረዶ መውረድ ጀምሯል። የፖም ዛፉ ሥር ምንም የለም፤ ይህን ጊዜ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጥቅልል ብላ ተኝታለች።